የጋሽ ይሁኔ ጣት

«ቀጣይ!» አለች ፋዲላ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ስለሰካች የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ መስላለች።

ቀጣይዋ የገዛ እናቷ እትዬ ራህመት ነበሩ። ጣታቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትህትና ከካርቶኑ አዲስ መርፌ አውጥታ መውጊያው ላይ ገጠመችና ቀጭ አደረገችው። «ቢስሚላሂ!» ብለው ዘለል አሉ። ጠብታዋ ደም ስኳር መለኪያው ላይ የተሰካውን ስስ ላስቲክ፣ ስትሪፑን፣ ጫፉን እንደነካች ማሽኑ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ግቢውን የሞላው ሰውም አብሮ ቆጠረ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ!

«ዘጠና አራት!» ብላ ትህትና ጮኸች።

እልልታው ቀለጠ። ዘጠና አራት ጥሩ ይሁን መጥፎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እትዬ ራህመትም ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ሻሻቸውን አስተካክለው በኩራት ተቀመጡ።

የትህትና ደስታ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ስኳር ሕመም ከያዛት ሦስት ዓመት ሆናት። በእነዚህ ዓመታት ስኳሯ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከመንደሯ ከዋርካ ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ አንድ ሰዓት በእግሯ መሄድ ነበረባት፤ ያውም በዚያ የቆላ ፀሐይ። ደርሳ ስትለካ ደግሞ ቁጥሩ ከቤት ስትወጣ የነበረው አይደለም። ቤተሰቡ የጤና መድህን አባል ስለሆነ ኢንሱሊኑን ከኪሱ ሳይከፍል ያገኛል። እናቷ ከበቡሽ እርጥብ አሸዋ በሞላው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ ከሙቀት ትጠብቅላታለች። መለኪያ ማሽኑና ስትሪፑ ግን መድህኑ ከሚሸፍናቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የሉም። መድኃኒቱን ይሰጧታል፣ ምን ያህል መውሰድ እንዳለባት የሚነግራትን ነገር አይሰጧትም።

ይህ ሁሉ የተለወጠው ባለፈው ዓርብ ነው። ሲስተር እሌኒ፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣችው ወጣት ነርስ፣ ከአንድ ሥልጠና ስትመለስ መዳፍ የማትሞላ ሰማያዊ ማሽን ከሃምሳ ስትሪፕና ከሃምሳ መርፌ ጋር ይዛላት መጣች።

«ማሽኑ ያንቺ ነው» አለቻት። «ስትሪፑ ግን አንዴ ደም ከነካው አለቀለት። ሃምሳው ሲያልቅ ከግል ፋርማሲ ነው የምትገዙት፤ እሱም ከተገኘ። ስለዚህ ቆጥቢ። ከመለካትሽ በፊት ደግሞ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እሺ?»

ትህትና እሺ አለች። እሷ በዚያች ደቂቃ የምታስበው ስለ መረብ ኳስ ነበር። የስፖርት መምህሩ ሄኖክ አምና ሜዳ ላይ ተዝለፍልፋ ከወደቀች ወዲህ ከቡድኑ አስወጥቷታል። «ከጨዋታ በፊት ቁጥርሽን አምጥተሽ ካሳየሽኝ ግን ማልያሽ ይጠብቅሻል» ብሏት ነበር። ጨዋታው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከጤና ጣቢያ እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ መሬት ሳትነካ ነው የመጣችው ማለት ይቻላል።

ዋርካ ሜዳ ውስጥ ደግሞ ወሬ ባጃጅ አያስፈልገውም። እሑድ ከቀትር በኋላ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት መጣ። የመጀመሪያዋ እንግዳ ማሽኑን አገላብጣ አየችና፣ «እስቲ እኔንም» አለች። ትህትና እናቷን አየቻት። እናቷ ደግሞ ሰው ቤቷ መጥቶ የጠየቃትን ነገር እምቢ ብላ አታውቅም። አንዷ ከተለካች ሁለተኛዋን እንዴት ይከለክሏታል? ሁለተኛዋ ከተለካች አማቷስ? እንዲህ እንዲህ እያለ ፋዲላ ደብተር አውጥታ ስም መጻፍ ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ትህትናም ቅር አላላትም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ያቺ በሽተኛዋ ልጅ» ሲሏት የኖሩ ሰዎች ዛሬ ተሰልፈው ጣታቸውን ይሰጧታል። ማን ይጠላል?

ሠላሳ ሁለተኛውን ሰው ለክታ ስትጨርስ ጋሽ ይሁኔ ገቡ።

ጋሽ ይሁኔ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። እሳቸው ሲገቡ ሰው ይነሳል፣ ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል። እጃቸው ላይ ከመስኖ እርሻቸው ያመጡት ትልቅ ፓፓያ ነበር። ቁጭ ብለው በሰንጢያቸው እየቆረሱ ለሕፃናቱ አደሉ፤ ለራሳቸውም ሁለት ቁራጭ በሉ። ውሃው እስከ ክርናቸው ወርዷል። ከዚያ እጃቸውን በትከሻቸው ፎጣ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ሳቁ።

«ይቺ ናት ማሽኗ? በሉ እኔንም ለኩኝና ልሂድ። የመድህን ሰዎች እንደሚመኙልኝ ታምሜ እንደሆነ እንይ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩን ያውቀዋላ። ጋሽ ይሁኔ የጤና መድህን አልመዘገብም ካሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ዕድር አለን» ይላሉ በስብሰባ ሁሉ። «የታመመ እንጠይቃለን፣ የሞተ እንቀብራለን። ሳልታመም ለሕክምና ክፈል ማለት ሳልሞት ቅበሩኝ ማለት ነው።» እሳቸው ስላልተመዘገቡ የእሳቸውን አፍ የሚጠብቁ ሠላሳ ያህል ቤቶችም አልተመዘገቡም። የመድህኑ ሠራተኛ ባምላክ ግን ለትህትና እናት አንድ ነገር ነግሯት ነበር። «ቀበሌው ካሉት ቤቶች ሦስት መቶ ሠላሳው አባል ከሆኑልኝ ወረዳው ፊት የምናገርበት አፍ አገኛለሁ። ስትሪፕ ለስኳር ታማሚዎች በመድህኑ በኩል ቤታቸው ድረስ ይሰጥ ብዬ እጠይቃለሁ። አሁን ባለን ቁጥር ግን ማን ይሰማኛል?» የምዝገባው መዝጊያ ሐሙስ ነው።

ትህትና የጋሽ ይሁኔን ጣት ያዘች። ቀጭ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።

በዚህ ጊዜ አልጮኸችም። ማሽኑን አዙራ ለፋዲላ አሳየቻት። ፋዲላ ዓይኗ ፈጠጠ። «ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት» አለች በሹክሹክታ፤ ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማት።

«ብዙ ነው?» አሉ ጋሽ ይሁኔ።

«ጋሼ... ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ጥሩ ነው» አለች ትህትና።

ፊታቸው አመድ መሰለ። ፎጣቸውን አንስተው፣ ደህና ዋሉ እንኳን ሳይሉ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ትህትና ወደ ትምህርት ቤት ስትጣደፍ ከትናንቱ የተረፈ ፓፓያ ጎረሰችና ቆማ ተለካች። ሦስት መቶ አርባ አንድ! ግን አልጠማትም፣ ራሷን አላዞራትም፣ ሰውነቷ ቀላል ነው። ጣቷን አየችው፤ ይጣበቃል። የሲስተር እሌኒ ነገር ትዝ አላት። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አድርቃ፣ ሌላ ስትሪፕ አቃጠለች።

መቶ ሃያ ስድስት።

መጀመሪያ የመጣላት ሳቅ ነበር። ማሽኑ የለካው ጣቷ ላይ የቀረውን ፓፓያ ነው! ሳቋን ሳትጨርስ የጋሽ ይሁኔ ክርን ድረስ የወረደው ውሃ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። እሳቸውን አላስታጠበቻቸውም። ማንንም አላስታጠበችም።

ለፋዲላ በእረፍት ሰዓት ነገረቻት። ፋዲላ ግን የያዘችው ሌላ ወሬ ነበር፤ በደስታ መቆም አቅቷታል።

«አልሰማሽም እንዴ? ጋሽ ይሁኔ ሊመዘገቡ ነው! ሐሙስ ጠዋት ዕድርተኛውን ሁሉ ይዘው ቀበሌ ሊወጡ ነው። ኡስታዙም፣ ቄሱም አውርተዋል። ባምላክ ደስታ ሊገድለው ነው። ሠላሳ ቤት በአንድ ቀን! ወላሂ፣ ስትሪፕሽ መጣ በይ!»

«ፋዲላ፣ ስኳር ላይኖርባቸው ይችላል እኮ። ፓፓያው ነው።»

ፋዲላ ዙሪያዋን አየችና እጇን ጎትታ ከውሃ ቧንቧው ኋላ ወሰደቻት። «አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ለማን ነገርሽ?»

«ላንቺ ብቻ።»

«በቃ፣ ለእኔ ብቻ ይሁን። ዋሸሽ? አልዋሸሽም። ማሽኑ ያለውን ነው ያነበብሽው። ሐሙስ ይመዘገባሉ፣ ዓርብ ካርዳቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ እዚያ ሲለኩ ደህና ነዎት ይሏቸዋል። ማን ተጎዳ? ማንም! ፋራ አትሁኚ።»

ትህትና አሰበችው። ማን ተጎዳ? ቅዳሜ ሜዳ ላይ ቆማ ኳስ ስታቀብል ታያት፤ ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ በሚቀጥለውም። ስትሪፕ ካለ ይህ ሁሉ አለ። ከሃምሳው የቀራት ዘጠኝ ብቻ ነው። ደወሉ ሲደወል ለማንም ሳትነግር ወደ ክፍል ገባች።

ማክሰኞ ዋርካ ሜዳ የሠርግ ሰሞን መሰለ። ሰው ለመድህኑ ካርድ የሚሆን የቤተሰብ ፎቶ ለመነሳት በባጃጅ ወደ ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ጋሽ ይሁኔና ጋሽ አሰፋ በአንድ የድንበር ቦይ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው ነበር፤ ጋሽ ይሁኔ ሰው ልከው ታረቁ። «ቂም ይዤ አልሞትም» አሉ ተባለ። ጋሽ አሰፋም አልቅሰው ጉንጫቸውን ሳሙ። ትህትናም ይህን ሰማች። አንድ የፓፓያ ቁራጭ ሠላሳ ቤት አስነሳ፣ ሁለት ሽማግሌ አስታረቀ። አሁን ማን ደፍሮ ያፈርሰዋል?

ጋሽ ይሁኔ ጤና ጣቢያ ግን አልሄዱም። «ካርዱን ሳልይዝ ብሄድ በሬዬን ሊያሸጡኝ ነው» ብለው ሐሙስን ይጠብቃሉ። እስከዚያ ስኳር አለባቸው የተባሉትን ምግቦች ሁሉ ተዉ፤ የትኞቹ እንደሌለባቸው እርግጠኛ ስላልሆኑ ደግሞ የቀረውንም ተዉት። ውሃና ትንሽ ሽሮ ብቻ ነው የሚቀምሱት አሉ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ትህትና ብቻዋን ቤት ነበረች። ፎጣቸውን ተከናንበው ጋሽ ይሁኔ ራሳቸው መጡ። በሦስት ቀን ጉንጫቸው ገብቷል። ወንበር ሰጠቻቸው፣ አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያቺን መርፌሽን... ለአንድ ቀን ብቻ ብታካፍዪኝ። ዛሬ ራሴን አዞረኝ። ሐሙስ ሳልደርስ የምወድቅ መሰለኝ። ካርዱን ሳወጣ ከእኔ ድርሻ እመልስልሻለሁ።»

ትህትና ማሰሮው ወዳለበት ጥግ ሳታስበው ተራመደችና ፊቱ ቆመች። ጎረቤት ከጎረቤት ያልተካፈለው ምን አለ? ጨው፣ እርሾ፣ የራስ ምታት ክኒን። ጋሽ ይሁኔም የጠየቁት እንደዚያው ነው። እሷ ግን ኢንሱሊን ስኳር በሌለበት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ያዞራቸው ረሃብ ነው። በዚያ ላይ መርፌ ቢጨመር...

«አይሆንም፣ ጋሼ። ይገድልዎታል።»

«አንቺን መቼ ገደለሽ?»

«ሐኪም ሳያዝ አይሆንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሰጥም።»

ቀና ብለው አዩዋት። በዕድሜያቸው ሙሉ ልጅ እምቢ ብሏቸው የሚያውቅ አይመስልም። የፓፓያውን ነገር ያኔ መንገር ነበረባት። ግን አልነገረቻቸውም። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ማሰሮውን አንስታ ከአልጋ ሥር ደበቀችው። «ማን ተጎዳ?» የሚለው የፋዲላ ጥያቄ አሁን መልስ አገኘ። በሸዋ ሮቢት ውስጥ ስንት ሰው ኢንሱሊን ይወስዳል? እሷ ብትከለክላቸው ሌላው ይሰጣቸው ይሆናል።

ሐሙስ የትምህርት ፈረቃዋ ወደ ከሰዓት የሚዞርበት ቀን ነበር። ጠዋት ማሽኑን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሳሙናውን ኪሷ ውስጥ፣ ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን በእጇ ይዛ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሮጠች።

ግቢው ጢም ብሏል። ባምላክ ከሾላው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ከጎኑ ጥቁር ሰሌዳ አቁሟል፤ የአባል ቤቶቹ ቁጥር «301» በጠመኔ ተጽፎበታል። ሰልፉ ከጠረጴዛው እስከ አጥሩ ድረስ ነው። ግንባሩ ላይ ጋሽ ይሁኔ፣ በአንድ እጃቸው የቤተሰብ ፎቷቸውን፣ በሌላው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ባምላክ ትህትናን ሲያያት ፊቱ በራ። «መጣችልን! የዛሬዋ ሙሽራ አንቺ ነሽ!» አላት። ሰውም አጨበጨበ።

ጭብጨባው ባሰባት። ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ደርሳ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ አንዴ ለብቻዎ ላናግርዎ።»

«ሰልፌን ለቅቄ? እዚሁ ተናገሪ።»

ተናገረች። እሑድ ፓፓያ ሲቆርሱ እንደነበር፣ እጃቸውን ሳታስታጥባቸው እንደለካቻቸው፣ ራሷም ሰኞ እንደዚያው ተሳስታ ታጥባ ስትለካ ሌላ ቁጥር እንዳየች ተናገረች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ከኋላ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ሰሙ።

«ታዲያ ስኳር የለብኝም እያልሽ ነው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። እጅዎን ታጥበው እንደገና ካልተለኩ ማወቅ አይቻልም።»

«መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?»

ይህችን ጥያቄ ነበር የፈራቻት። «ሰኞ።»

«ሰኞ!» አሉ። «ትናንት ቤትሽ ስመጣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጋሽ ይሁኔ ምርኩዛቸውን ለሚስታቸው አቀበሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ትህትና ከጀሪካኑ አፈሰሰችላቸው። ሳሙናውን ደጋግመው አሹት፤ በጣቶቻቸው መካከል፣ በጥፍሮቻቸው ሥር። እስኪደርቅ ጠበቀች። ቀጭ። ሰልፈኛው ሳይነገረው መቁጠር ጀመረ፤ ግን እንደ እሑዱ በጩኸት አልነበረም። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።

«ሰማንያ ስምንት» አለች ትህትና። «ጤነኛ ነዎት፣ ጋሼ። እንዲያውም ርቦዎታል።»

ጋሽ ይሁኔ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ተመስገን!» አሉ። ከዚያ ፎቷቸውን በኪሳቸው ከተው በአጥሩ በር ወጡ።

ሰልፉ እንደ ተፈታ ነዶ ተበተነ። «እንግዲያው እኛስ ምን እንሠራለን?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ አሰፋ፣ «እኔ የታረቅኩት የሚሞት መስሎኝ ነው!» ብለው እያጉረመረሙ ሄዱ። ሳቅ ሆነ፤ በሳቁ መሃል ግን ሰው አንድ በአንድ ይወጣ ነበር። ባምላክ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ፋዲላ ከአጥሩ ሥር ሆና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። ቦታቸው ላይ የቀሩት አሥር ሰዎች ቢሆኑ ነው። ትህትና ጀሪካኗን ይዛ ቆመች። ደስ ያላት ነገር ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወርዷል። የከፋትም ነገር ነበር፤ እሱን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ማየት ይቻላል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሽ ይሁኔ ተመለሱ። ከማዶው ሻይ ቤት ነበሩ። ጉንጫቸው በዳቦ ተወጥሯል፤ ግማሹ ዳቦ ደግሞ እጃቸው ላይ ነው። የቀድሞ ቦታቸው ስለተያዘባቸው ከሰልፉ ጫፍ ሄደው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ባምላክ ቀና ብሎ አያቸው።

«ምን ታየኛለህ? ጻፈኝ እንጂ።»

«ጋሼ፣ ጤነኛ ነኝ ብለው...»

«ነኝ። አራት ቀን ግን አልነበርኩም።» ዳቦውን ዋጥ አደረጉ። «በሬውን ብሸጥ፣ ከዚያ መሬቱን ባከራይ፣ ከዚያስ ምን እሸጣለሁ እያልኩ ጎኔ ሳያርፍ ነው የሰነበትኩት። ስኳሩ የፓፓያ ነበር፣ ፍርሃቱ ግን የራሴ ነው። ጻፈኝ።» ወደ ትህትና ዞሩ። «አንቺ ደግሞ፣ ሦስት ቀን ዝም ማለትሽን ቶሎ አልረሳልሽም።»

«ይገባኛል፣ ጋሼ።»

«መርፌውን መከልከልሽንም አልረሳም» አሉና ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ወርውረው ሄዱ።

ባምላክ ሰሌዳውን አጥፍቶ ጻፈ፤ «312»። ሦስት መቶ ሠላሳ ለመሙላት አሥራ ስምንት ይቀራል። ሰዓቱ አራት ተኩል ነው፤ ምዝገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ፋዲላ እየሮጠች መጣች። ኩርፊያዋ ግማሽ መንገድ ላይ ጠፍቶባታል።

«ስሚ፣ አሁንም ይቻላል! የእሑዱ ዝርዝር እዚህ አለ። ቤት ለቤት እንዙርና ሁሉንም እንደገና እንለካ። ከሠላሳው አንዱ እንኳን ከፍ ቢልበት...»

ትህትና ቦርሳዋን ከፈተች። አምስት ስትሪፕ። ለነገ አንድ፣ ለቅዳሜው ጨዋታ ሁለት፣ ለእሑድ... ቦርሳውን መልሳ ዘጋችው።

«ማሽኑን ባምላክ ጋ እንተወው» አለች። «ዝርዝሩን ያዢ።»

«ያለ ማሽን ሄደን ምን ልንላቸው ነው?»

ትህትናም ገና እያሰበችው ነበር። ሁለቱም በሽንኩርት ማሳው መሃል አቋርጠው ሮጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትወጣ ነው። ፋዲላ ነጠላ ጫማዋ እየወለቀ ያስቸግራታል፣ ትስቃለች፣ ትራገማለች፣ እንደገና ትስቃለች።

መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ አሰፋ ቤት ነው። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ዱካ የሚባለውን አጭር በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ልጃገረዶቹን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ታጥቤያለሁ! ሁለቴ ነው የታጠብኩት። ኑ፣ ውጉኝ።»

«ማሽኑን አላመጣሁም፣ ጋሼ» አለች ትህትና።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ሰው ሁሉ እንደታመመች ያውቃል። መታመም ምን እንደሆነ ግን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለፋዲላ እንኳን። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እናቴ ሌሊት ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሳለች» አለች። «መጥታ ግንባሬን ትዳስሰዋለች። ላብ ካለው ስኳሬ ወርዷል ማለት ነው፤ ቀስቅሳ ጣፋጭ ሻይ ታጠጣኛለች። ደረቅ ከሆነ ተመልሳ ትተኛለች። እኔ የተኛሁ ትመስላታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያደረገችው። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ግን ልተኛ ስል እለካና ቁጥሩን አሳያታለሁ፤ እሷም እስኪነጋ ትተኛለች። አሁን አምስት ስትሪፕ ነው የቀረኝ።»

የጋሽ አሰፋ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ፋዲላ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ጓደኛዋን ታያታለች፤ ከዛሬ በፊት አይታት የማታውቅ ይመስል።

ጋሽ አሰፋ ከዱካው ተነሡና ለትህትና አስጠጉላት።

«ተቀመጪ» አሉ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ትህትና ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።